የአገር ዶሜይንና የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ለፍለጋ ውጤት፦ ከምርጫ እስከ ፍተሻ

ድረ ገጽ ለመክፈት ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ያነሳል፦ የአገር መለያ ያለበት ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ ስም) ልግዛ? ሰርቨሩስ (ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) እዚያው አገር ይሁን? ሁለቱ በፍለጋ ሞተር ዘንድ ክብደታቸው እኩል አይደለም። የዶሜይኑ መጨረሻ ገጹ ለየትኛው አገር ሰው እንደተሠራ በግልጽ ይናገራል። ሰርቨሩ ያለበት ቦታ ግን ዛሬ ውጤት ላይ የሚታየው በዋናነት በሁለት ነገር ነው፤ በፍጥነትና ሳይቋረጥ በመገኘት። ስለዚህ መጀመሪያ ዶሜይኑ ይወሰናል፣ ቀጥሎ ሰርቨሩ፣ ከዚያ ለፍለጋ ሞተሩ የሚሰጡት ምልክቶች ይስተካከላሉ፣ በመጨረሻም ፍተሻ ይደረጋል። ገንዘብና ጊዜ የሚባክነው ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው።

የዶሜይን መጨረሻዎችንና የቋንቋ ኮዶችን እዚህ እንደ አነባበባቸው ጽፈናቸዋል፤ ሲሠሩ በላቲን ፊደል ያስገቧቸው።

1. ገጹ ለማን እንደሆነ መወሰን

ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ፦ አንባቢው ያለበት አገር ሲለወጥ በገጹ ላይ የሚለወጥ ነገር አለ ወይ? ዋጋው፣ ዕቃው የሚላክበት ቦታ፣ የሚመለከተው ሕግ ወይም የስልክ ቁጥሩ በየአገሩ የሚለያይ ከሆነ የአገር ገጽ ነው። የሚለያየው ቋንቋው ብቻ ከሆነ ደግሞ የቋንቋ ገጽ ነው፤ የአገር ዶሜይን አያስፈልገውም። በጀርመንኛ የተዘጋጀ የሶፍትዌር ማስተማሪያ በጀርመን ዶሜይን ላይ ቢወጣ፣ ያንኑ ቋንቋ የሚያነቡት የኦስትሪያና የስዊዘርላንድ ሰዎች ሲፈልጉ ገጹ የሌላ አገር ሆኖ ይቆጠራል። ጨርሶ ከውጤት አይጠፋም፤ ነገር ግን ያለ አንዳች ጥቅም ራሱን ወደ ኋላ አድርጓል።

ድረ ገጹ ቀድሞም የሚሠራ ከሆነ መገመት አያስፈልግም። በጎግል ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው መከታተያ) የፍለጋ አፈጻጸም ሪፖርቱን ይክፈቱና አገሮች የሚለውን ትር ይጫኑ። ሪፖርቱ እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ያሳያል። አብዛኛው ጠቅታ ከአንድ አገር ከሆነና ከሌላ አገር የሚመጡት ሰዎች ሊገዙ ወይም ሊገለገሉ የማይችሉ ከሆነ፣ የአገር ዶሜይን ትክክለኛ ምርጫ ነው። ጠቅታው በአምስት ስድስት አገር የተበተነ ከሆነ ግን አንዱን አገር መምረጥ የሌሎቹን በር ማጥበብ ይሆናል።

2. የዶሜይን መጨረሻውን መምረጥ

የአገር ዶሜይኖች ባለ ሁለት ፊደል ናቸው፤ በአይሶ 3166 የአገር ኮድ ዝርዝር ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ዶት ዲኢ የጀርመን፣ ዶት ኤፍአር የፈረንሳይ፣ ዶት ጄፒ የጃፓን ነው። ጎግል እነዚህን ጠንካራ የአገር ምልክት አድርጎ ይወስዳቸዋል። ከገዙ በኋላ «የእኔ ግን ለሌላ አገር ነው» ብሎ የሚያስተካክሉበት ቅንብር የለም። ዶት ኮም፣ ዶት ኔት፣ ዶት ኦርግና መሰሎቻቸው ደግሞ ከየትኛውም አገር ጋር አይያያዙም። ዶት በርሊን እና ዶት ለንደንን የመሰሉ የከተማ መጨረሻዎችም፣ ምንም እንኳ የቦታ ስም ቢሆኑ፣ በጎግል ዘንድ እንደ ዶት ኮም ነው የሚታዩት።

በመካከል አንድ ሦስተኛ ቡድን አለ፤ ስህተት የሚበዛውም እዚህ ነው። በወረቀት የአገር ሆነው ሳለ ከአገሩ ውጭ ያሉ ሰዎች በብዛት ስለሚጠቀሙባቸው ጎግል እንደ አጠቃላይ ዶሜይን የሚያያቸው አሉ፦ ዶት ቲቪ፣ ዶት ኤምኢ፣ ዶት ሲኦ፣ ዶት አይኦ፣ ዶት ኤፍኤም፣ ዶት ሲሲ ከእነዚህ ናቸው። ዶት ኤአይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ተጨመረ። ዶት ኢዩ እና ዶት ኤዥያም ክልልን እንጂ አንድ አገርን ስለማያመለክቱ እንዲሁ ናቸው። ባለ ሁለት ፊደል ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ስሙ ከመጨረሻው ጋር ሲነበብ ቃል ይሠራል ብለው ዶት አይቲን ከገዙ፣ ለፍለጋ ሞተሩ ገጹ የኢጣሊያ ነው፤ ዶት ቢኢን ከገዙ የቤልጅየም ነው። ለዓለም አቀፍ አንባቢ የተሠራ ገጽ በዚህ ምክንያት ብቻ ለዓመታት ሲንገታገት ይታያል፤ ባለቤቱ ደግሞ ችግሩን ጽሑፉ ውስጥ ይፈልጋል።

በአንዳንድ አገር ሁለት ዓይነት መጨረሻ ይሸጣል፤ ለምሳሌ በእንግሊዝ ዶት ዩኬ እና ዶት ሲኦ ዶት ዩኬ። ለፍለጋ የሚሰጡት የአገር ምልክት አንድ ነው። የአገሩ ሰው የለመደውን ይምረጡ፤ ሌላውን ስሙን ለመጠበቅ ገዝተው በ301 ሪዳይሬክት (አድራሻው ለዘለቄታው መዛወሩን በሚናገር ማዞሪያ) ወደ ዋናው ያዙሩት። ሁለቱንም ተመሳሳይ ይዘት አስቀምጦ ክፍት መተው የለብዎትም።

ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይመርምሩ፦

- የምዝገባ ሕጉን። የካናዳው ዶት ሲኤ ከካናዳ ጋር ሕጋዊ ግንኙነት ይጠይቃል፤ የአሜሪካው ዶት ዩኤስም ከአገሩ ጋር ትስስር ይፈልጋል። ሕጉ በሌላ ምክንያትም ሊለወጥብዎት ይችላል፦ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ መስፈርቱን ማሟላት ያልቻሉ የብሪታንያ ባለቤቶች ዶት ኢዩ ዶሜይናቸውን አጥተዋል።
- ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚሰጠውን የማስተካከያ ቀን። ለዶት ኮምና መሰሎቹ ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የመቤዣ (የማስመለሻ) ጊዜ አለ። የአገር ዶሜይን ግን እያንዳንዱ የራሱ ደንብ አለው፤ ጭራሽ ጊዜ የማይሰጡም አሉ።
- በማን ስም እንደሚመዘገብ። ዲዛይነሩ ወይም የሆስቲንግ (የሰርቨር ቦታ ኪራይ) ሻጩ በራሱ ስም ካስመዘገበው ዶሜይኑ የእርስዎ አይደለም።
- የዶሜይኑን ያለፈ ታሪክ። በዌይባክ ማሽን (የድረ ገጾችን የቆየ ቅጂ በሚያሳይ መዝገብ) ከዚህ በፊት ምን ይወጣበት እንደነበር ይዩ። የቁማር ወይም የማጭበርበሪያ ገጽ ከነበረ ሌላ ስም ይፈልጉ። ከገዙ በኋላም ሰርች ኮንሶል ውስጥ የእጅ ቅጣት (በጎግል ሠራተኛ የተጣለ ቅጣት) የሚለውን ክፍል ወዲያው ይመልከቱ።

በነጻ ወይም እጅግ በርካሽ የሚታደል የአገር ዶሜይን ላይ ሥራ አይገንቡ። ፍሪኖም የተባለው ድርጅት የቶከላውን ዶት ቲኬ፣ የማሊን ዶት ኤምኤልና የጋቦንን ዶት ጂኤ በነጻ ሲያድል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ ምዝገባ አቆመ። በዚያው ዓመት የማሊና የጋቦን ዶሜይኖች አስተዳደር ወደየአገሮቻቸው ተመለሰ። ዶሜይን ሲጠፋ አብረው የሚጠፉት ለዓመታት ከሌሎች ድረ ገጾች የተሰበሰቡት ሊንኮች ናቸው፤ እነሱን ደግሞ በገንዘብ መመለስ አይቻልም።

3. አንድ ዶሜይን ወይስ በየአገሩ?

ለአንድ አገር ብቻ ከሆነ ይህን ክፍል ይለፉት። ለብዙ አገር ከሆነ አራት መንገድ አለ፦ በየአገሩ የተለየ ዶሜይን፣ በአንድ አጠቃላይ ዶሜይን ሥር በየአገሩ ፎልደር፣ በየአገሩ ሰብዶሜይን (ከዋናው ስም በፊት የሚገባ ቅጥያ)፣ እና ከአድራሻው መጨረሻ ከጥያቄ ምልክት በኋላ የሚጨመር የአገር ኮድ። የመጨረሻውን ይርሱት፤ ጎግልም አይመክረውም።

በየአገሩ ዶሜይን መግዛት የሚሰጠው የአገር ምልክት ከሁሉም የጠራ ነው፤ ተጠቃሚውም አድራሻውን አይቶ ያምነዋል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። አዲሱ ዶሜይን የሚጀምረው ከዜሮ ነው። ዋናው ድረ ገጽ ያካበተው ሊንክና ዝና በራሱ ወደ አዲሱ አይሻገርም። ስምንት አገር ማለት ስምንት ምዝገባ፣ ስምንት የሰርች ኮንሶል ንብረት፣ ስምንት ጊዜ ሊንክ መሰብሰብ ማለት ነው። በየአገሩ ራሱን የቻለ ሠራተኛና በጀት ከሌለ ከስምንቱ ስድስቱ ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ለሚያስተዳድረው ሥራ የእኛ ምክር ያለ ማመንታት ፎልደር ነው፦ አንድ ዶት ኮም፣ ከሥሩም ለእያንዳንዱ አገር አንድ ፎልደር። አንድ ገጽ ያገኘው ሊንክ ሌሎቹንም ይጠቅማል፤ ሰርቨሩም አንድ ነው። ሰብዶሜይን የሚመረጠው የአንዱ አገር ገጽ በቴክኒክ ምክንያት በሌላ ሰርቨር ወይም በሌላ ሶፍትዌር ላይ መሆን ሲኖርበት ነው።

አንድ የቆየ ምክር ዛሬ እንደማይሠራ ይወቁ። ቀድሞ ዶት ኮም ያለው ሰው ሰርች ኮንሶል ገብቶ «ዒላማዬ ይህ አገር ነው» ብሎ መምረጥ ይችል ነበር። ጎግል ይህን ቅንብር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 አስወግዶታል። ስለዚህ በአጠቃላይ ዶሜይን ላይ ያለ ገጽ አገሩን የሚያስታውቀው በይዘቱ ነው፦ በአገሩ ገንዘብ የተጻፈ ዋጋ፣ የአገሩ አድራሻና ስልክ፣ የአገሩ ሰው የሚጠቀምበት አነጋገር፣ ከአገሩ ድረ ገጾች የሚመጣ ሊንክ፣ እና በ6ኛው ክፍል የምናየው ኤችሬፍላንግ። በገጹ ራስ ላይ የሚጻፉ የኬክሮስና የኬንትሮስ ሜታ ታጎችን ጎግል አያነባቸውም፤ ጊዜ አያባክኑባቸው።

4. ሰርቨሩ የት ይሁን?

ሰርቨሩ አገር ውስጥ ካልሆነ ደረጃ አይገኝም የሚለው አስተሳሰብ መነሻ አለው። የሰርቨሩ አይፒ አድራሻ (በኢንተርኔት ላይ ያለው መለያ ቁጥር) ገጹ ለየትኛው አገር እንደሆነ ከሚጠቁሙ ፍንጮች አንዱ ነበር፣ ዛሬም ከፍንጮቹ አልወጣም። ነገር ግን ሲዲኤን (የገጹን ቅጂ በብዙ ቦታ ባሉ ሰርቨሮች ላይ የሚያስቀምጥ አገልግሎት) የሚጠቀም ድረ ገጽ በብዙ አገር ካለ ሰርቨር ስለሚወጣ፣ ሌሎችም የተሻለ መሠረተ ልማት ወዳለበት አገር ስለሚሄዱ፣ ጎግል ወሳኝ አያደርገውም። የአገር ዶሜይን ካለዎት ሰርቨሩን ወደ አገሩ ማዛወር ለአገር ምልክቱ የሚጨምረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሚቀረው ጥያቄ የፍጥነት ነው፤ እሱን ደግሞ በስሌት ማየት ይቻላል።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰርቨሩ 8,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ መሄጃው 40 ሚሊ ሰከንድ፣ ደርሶ መልሱ 80 ሚሊ ሰከንድ ነው። ገጽ ለመክፈት ቢያንስ ሦስት ደርሶ መልስ ያስፈልጋል፦ አንዱ ግንኙነት ለመክፈት፣ አንዱ ለቲኤልኤስ 1.3 ምስጠራ፣ አንዱ ለጥያቄውና ለመልሱ። ይህ 240 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሰርቨሩ ገና የቆየውን ቲኤልኤስ 1.2 የሚጠቀም ከሆነ ሌላ 80 ይጨመራል። ኬብሉ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል። 300 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ሰርቨር ግን ሦስቱም ተደምረው 9 ሚሊ ሰከንድ ናቸው።

አሁን ይህን ከመለኪያዎቹ ጋር ያነጻጽሩት። የጎግል የገጽ ልምድ መለኪያዎች እንዲህ ናቸው፦ ትልቁ የገጹ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት፤ ገጹ ለመነካት የሚሰጠው ምላሽ ከ200 ሚሊ ሰከንድ መብለጥ የለበትም፤ ሲጫን የመንሸራተት ነጥቡ ከ0.1 ማለፍ የለበትም። ሦስቱም የሚለኩት ከጎብኝዎች 75 በመቶው በሚያገኙት ልምድ ነው። የመጀመሪያው ባይት (ከሰርቨሩ መጀመሪያ የሚመጣው ዳታ) ደግሞ በ0.8 ሰከንድ ውስጥ ቢደርስ ጥሩ ይባላል። ስለዚህ 240 ሚሊ ሰከንድ ይሰማል እንጂ ብቻውን ገጽ አይጥልም። ገጽ የሚጥለው ሰርቨሩ ገጹን ለማዘጋጀት 1.5 ሰከንድ ሲወስድ ነው፤ ይህ ሰርቨር የትም ቢቀመጥ ዘገምተኛ ነው። ለማዛወር ከመወሰንዎ በፊት የቱ እንደሆነ ይለዩ፦

1. በብራውዘሩ የዴቨሎፐር መሣሪያውን ይክፈቱ፣ ኔትወርክ የሚለውን ይምረጡ፣ ገጹን እንደገና ይጫኑና የመጀመሪያውን መስመር ይንኩ።
2. ታይሚንግ በሚለው ሥር ግንኙነት ለመክፈት የወሰደውን ጊዜ ይጻፉ። ይህ በግምት የአንድ ደርሶ መልስ ርዝመት ነው።
3. የሰርቨር ምላሽ ለመጠበቅ የወሰደውን ጊዜ ይጻፉ፤ ከእሱ ላይ አንድ ደርሶ መልስ ይቀንሱ። የሚቀረው ሰርቨሩ ራሱ የፈጀው ነው።
4. የሚቀረው ከ300 ወይም ከ400 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከሆነ ችግሩ ርቀት አይደለም። ካሽ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የገጹ ቅጂ)፣ ዳታቤዝና ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ይመርምሩ።

መለኪያውን ገጹን ከሚጠቀሙት ሰዎች ዓይነት መስመር ላይ ሆነው ይውሰዱ፤ ከቢሮ ፋይበር ብቻ ሳይሆን ከሞባይል ዳታም። በፔጅስፒድ ኢንሳይትስ ደግሞ ከላይ የሚታየው የእውነተኛ የክሮም ተጠቃሚዎች የ28 ቀን መረጃ ነው፤ ከታች ያለው የሙከራ ውጤት ነው። ውሳኔ የሚሰጥበት የላይኛው ነው።

የአገር ውስጥ ሆስቲንግ በእውነት የሚሻልባቸው ሁኔታዎች አሉ። አገሩን ከውጭ ጋር የሚያገናኘው መስመር ጠባብ ወይም በተደጋጋሚ የሚቋረጥ ከሆነ፣ የአገር ውስጥ ሰርቨር በዚያ ጊዜም ለአገሩ ሰው ይከፈታል። መረጃ በአገር ውስጥ እንዲቀመጥ ሕግ የሚያስገድድበት ዘርፍም አለ። በዋናው የቻይና ምድር በሚገኝ ሰርቨር ላይ ገጽ ለማውጣት ደግሞ አይሲፒ የሚባለው ምዝገባ ግዴታ ነው።

«አገር ውስጥ» የተባለ ሰርቨር ግን ሁልጊዜ ቅርብ አይደለም። የኢንተርኔት አቅራቢዎቹ በአገሩ የልውውጥ ማዕከል ካልተገናኙ፣ ዳታው ወደ ውጭ አገር ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። ከመግዛትዎ በፊት የሙከራ አይፒ ከሻጩ ይቀበሉና ከሁለት ሦስት የተለያዩ አቅራቢዎች መስመር ትሬስሩት (ዳታው የሚያልፍባቸውን እርከኖችና ጊዜያቸውን የሚያሳይ ትእዛዝ) ይሥሩ። በአንዱ እርከን ላይ ጊዜው በድንገት በ100 ሚሊ ሰከንድ ከዘለለና ከዚያ በኋላ ያሉትም እንደዚያው ከፍ ብለው ከቀሩ መንገዱ ውጭ ደርሶ እየተመለሰ ነው። አንድ እርከን ብቻ ከፍ ብሎ ቀጣዮቹ ዝቅ ካሉ ግን ያ መሣሪያ ለትሬስሩት መልስ ለመስጠት ዘግይቶ ነው እንጂ ችግር የለም።

5. ሰርቨሩ የፍለጋ ሞተሩን እንዳይዘጋ

ይህን ክፍል አጥብቀው ይያዙት። የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ደረጃን የሚያሻሽልበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ደረጃን ጨርሶ የሚያጠፋበት መንገድ ግን አንድ የታወቀ አለ። ጥቃት ለመከላከል ብለው ከውጭ አገር የሚመጣን ጥያቄ በሙሉ በፋየርዎል የሚዘጉ ሆስቲንጎች አሉ። ጎግልቦት (ገጾችን እየዞረ የሚያነብ የጎግል ፕሮግራም) ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከአሜሪካ አይፒ ነው። ገጹ በአገሩ ላለ ሰው ሁሉ ይከፈታል፣ ባለቤቱም ጤነኛ ነው ብሎ ይተኛል፤ ጎግል ግን በሩ ላይ ቆሟል።

በሰርች ኮንሶል የዩአርኤል ፍተሻውን ይክፈቱና «ሕያው ሙከራ» ያሂዱ፤ ከዚያ በቅንብሮች ሥር ካለው የመጎብኘት ስታቲስቲክስ የሆስት ሁኔታን ያንብቡ። እዚያ ሦስት ነገር ይታያል፦ ሮቦትስ ፋይሉ (የፍለጋ ሞተሮች ምን እንዲጎበኙ የሚነግረው) መነበቡ፣ የዲኤንኤስ (የዶሜይን ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረው ሥርዓት) ምላሽ፣ የሰርቨሩ ግንኙነት። ቀይ ካለ ለሆስቲንግ ድርጅቱ ጎግል ያወጣውን የአይፒ ዝርዝር ይላኩና እንዲፈቀድ ይጠይቁ። በሎግ (ሰርቨሩ ጎብኚዎችን በሚመዘግብበት ፋይል) ውስጥ ጎግልቦት ነኝ የሚል ሁሉ ግን እውነተኛ አይደለም። አይፒውን በግልባጭ ዲኤንኤስ ሲፈልጉት ስሙ በጎግልቦት ዶት ኮም ወይም በጎግል ዶት ኮም ካላለቀ፣ ያንንም ስም መልሰው ሲፈልጉት ያው አይፒ ካልመጣ አስመሳይ ነው።

ለጥገና ሲዘጉ ባዶ ገጽ ወይም ኮዱ 200 (ሁሉ ደኅና ነው) የሆነ «ይቅርታ» አያሳዩ። 503 (ለጊዜው ዝግ) ኮድ ይመልሱ፤ ለጥቂት ሰዓት ጎግል ይታገሣል። ለቀናት ከቀጠለ ግን ገጾች ከኢንዴክስ (ከጎግል የፍለጋ መዝገብ) መውጣት ይጀምራሉ።

ሲዲኤን ከተጠቀሙ ሥዕሎችንና ስታይል ፋይሎችን ብቻ ማስቀመጥ በቂ አይደለም፤ ዋናው ገጽ ከሩቁ ሰርቨር መምጣቱን ይቀጥላልና የመጀመሪያው ባይት አይፈጥንም። ለሁሉም ሰው አንድ የሆነውን ገጽ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ ካሽ ያድርጉ፤ ስማቸው ከነስሪታቸው የሚለወጥ ፋይሎችን ደግሞ ለ31,536,000 ሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ዓመት። ገጹን ሁለት ጊዜ ከፍተው በምላሹ ሄደር ላይ የካሽ ሁኔታውን ይዩ። ሁለተኛው ጊዜም «ሚስ» (ከካሽ አልተገኘም) ካለ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ለእያንዳንዱ ጎብኚ ኩኪ የሚተክል ፕለጊን ነው። የገበያ ቅርጫትና የመግቢያ ገጽ ግን ከካሽ ውጭ ይሁኑ፤ አለዚያ የአንዱ ሰው መረጃ ለሌላው ይታያል።

6. ኤችሬፍላንግ

አንድ ይዘት ለብዙ አገር ወይም ቋንቋ ካለዎት፣ የትኛው ገጽ ለማን እንደሆነ በኤችሬፍላንግ ይነገራል። ደረጃ አይጨምርም፤ የሚሠራው ውጤት ላይ ከሚወጡት ገጾችዎ ትክክለኛውን መተካት ነው። በገጹ ራስ ውስጥ፣ በኤችቲቲፒ ሄደር ወይም በሳይትማፕ (የድረ ገጹን አድራሻዎች በሚዘረዝር ፋይል) ሊጻፍ ይችላል። ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ፤ ገጾች ብዙ ከሆኑ ሳይትማፕ ይቀላል። አንድ ሳይትማፕ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ይይዛል።

- ቋንቋው ይቀድማል፣ አገሩ ይከተላል። አገር ብቻውን መጻፍ አይቻልም።
- ለእንግሊዝ የሚሆነው ኮድ ኢኤን-ጂቢ ነው። ዶሜይኑ ዶት ዩኬ ስለሆነ ኢኤን-ዩኬ ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ አይሠራም። ለላቲን አሜሪካ ብለው ኢኤስ-ኤልኤ የሚጽፉም ገጹን ለላኦስ ሰጡት፤ ኤልኤ የላኦስ ኮድ ነውና።
- እያንዳንዱ ገጽ ራሱንም ጨምሮ ሁሉንም አቻዎቹን ይዘረዝራል። 6 ስሪት ካለ በ6ቱም ላይ 6 መስመር ይኖራል። አንዱ ሌላውን ጠቅሶ ሌላው መልሶ ካልጠቀሰው ጎግል ጥቅሱን አይቀበለውም።
- አድራሻው ከኤችቲቲፒኤስ ጀምሮ ሙሉ ይጻፍ።
- ለቀሩት አገሮች ሁሉ ኤክስ-ዲፎልት የሚል አንድ መስመር ይጨመር።
- የእያንዳንዱ ገጽ ካኖኒካል (ዋናው ቅጂ የቱ እንደሆነ የሚናገር ታግ) ራሱን ያመልክት። የኦስትሪያው ገጽ ካኖኒካል ወደ ጀርመኑ ካመለከተ «እኔን አትቁጠሩኝ» ማለቱ ስለሆነ ኤችሬፍላንጉ ዋጋ የለውም።

በአንድ ቋንቋ የተጻፉ የሁለት አገር ገጾች ቃል በቃል አንድ ከሆኑ ጎግል አንዱን ብቻ ሊይዝ ይችላል። ዋጋው፣ የመላኪያው ሁኔታና አድራሻው በጽሑፉ ውስጥ በእውነት ይለያይ።

ጎብኚውን በአይፒው ብቻ ወደ አገሩ ገጽ በግድ አይውሰዱት። ጎግልቦት ከአሜሪካ ስለሚመጣ የሚያየው የአሜሪካውን ስሪት ብቻ ይሆናል፤ ሌሎቹ ሳይነበቡ ይቀራሉ። ከላይ «የአገርዎን ገጽ ይፈልጋሉ?» የሚል ትንሽ ማሳሰቢያና ሊንክ ይበቃል።

ቢንግ ከኤችሬፍላንግ ይልቅ በገጹ የተጻፈውን የይዘት ቋንቋ ታግ ስለሚያከብር እሱንም ይጨምሩ። ያንዴክስ በዌብማስተር መሣሪያው ላይ የገጹን ክልል እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል።

7. ዶሜይን ወይም ሰርቨር ሲቀየር

ዶሜይን፣ ሰርቨርና ዲዛይን በአንድ ሳምንት አይቀይሩ። ደረጃ ሲወርድ ምክንያቱን መለየት አይቻልም።

ሰርቨር ብቻ ለመቀየር፦ የዲኤንኤሱ ቲቲኤል (መዝገቡ ሳይታደስ የሚቆይበት ጊዜ) 86,400 ሰከንድ ከሆነ ከቅያሬው ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ወደ 300 ያውርዱት። አዲሱን ሰርቨር ሙሉ በሙሉ ይሞክሩ፣ ከዚያ ዲኤንኤሱን ይቀይሩ። የድሮው ሎግ ጸጥ እስኪል ድረስ አይዝጉት። የኢሜይል መዝገቦችን ወደ አዲሱ ዲኤንኤስ መገልበጥ ይረሳል፤ ገጹ ሠርቶ ደብዳቤ የሚቋረጠው በዚህ ነው። ከቅያሬው በኋላ የጎግልቦት ጉብኝት ለጥቂት ጊዜ ቢቀንስ አይደንግጡ፤ አዲሱ ሰርቨር ምን ያህል እንደሚችል እየለካ ነው።

ዶሜይን ለመቀየር፦

1. የድሮውን አድራሻዎች ሁሉ ከሳይትማፕ፣ ከሰርች ኮንሶልና ከሎግ ሰብስበው በሠንጠረዥ ከአዲሱ ጋር አንድ ለአንድ ያጣምሩ።
2. እያንዳንዱን በ301 ያዙሩ። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ ማዞር እንደ መሰረዝ ይቆጠራል።
3. ማዞሪያው አንድ ዝላይ ብቻ ይሁን። የቆዩ ማዞሪያዎች ካሉ መድረሻቸውን በቀጥታ ወደ አዲሱ ያስተካክሉ።
4. ካኖኒካል፣ ኤችሬፍላንግ፣ ሳይትማፕና የውስጥ ሊንክ በሙሉ አዲሱን ዶሜይን ያመልክቱ።
5. ሁለቱንም ዶሜይኖች በሰርች ኮንሶል ያረጋግጡና የአድራሻ ለውጥ መሣሪያውን ይጠቀሙ። ምልክቱ ለ180 ቀን ይቆያል።
6. ማዞሪያውን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይጠብቁ፤ የድሮውንም ዶሜይን ማደስ አይተዉ።

አዲሱ ገጽ ከተከፈተ በኋላ መጀመሪያ የሚታየው ነገር ሮቦትስ ፋይሉ ነው። በሙከራ ጊዜ የተጻፈው «አትጎብኙ» የሚለው ትእዛዝ ወይም ገጹን ከፍለጋ የሚያስወጣው የኖኢንዴክስ ታግ ሳይነሳ ቀርቶ ሙሉ ድረ ገጽ ከፍለጋ የጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። መካከለኛ መጠን ላለው ድረ ገጽ አብዛኛው ገጽ እስኪሻገር ጥቂት ሳምንት ይወስዳል።

8. ፍተሻ

ደረጃዎን በራስዎ ብራውዘር ፈልገው አይመኑ፤ ውጤቱ ባሉበት ቦታና በፍለጋ ታሪክዎ ይለያያል። የጎግልን የሌላ አገር አድራሻ መክፈትም አይረዳም። ከጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውጤቱን የሚወስነው አድራሻው ሳይሆን ፈላጊው ያለበት ቦታ ነው፤ በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጎግል የአገር አድራሻዎቹን ወደ ዶት ኮም ማዞር እንደሚጀምር አስታውቋል። የሚታመነው ሰርች ኮንሶል ነው፦ በአፈጻጸም ሪፖርቱ አገሩን ያጣሩ፣ ከለውጡ በፊት ያለውን 28 ቀን ከለውጡ በኋላ ካለው 28 ቀን ጋር ያወዳድሩ፤ ወቅታዊ ንግድ ከሆነ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር።

በሪፖርቱ ላይ የታለመው አገር ዕይታ (ገጹ በውጤት ላይ የወጣበት ብዛት) ጨምሮ ጠቅታው ካልጨመረ ርዕስና መግለጫውን ያስተካክሉ። የተሳሳተ አገር ገጽ እየወጣ ከሆነ መልሶ የማይጠቅስ ኤችሬፍላንግ ወይም ወደ ሌላ አገር የሚያመለክት ካኖኒካል ይፈልጉ። ዕይታው በሁሉም አገር በአንድ ቀን ከወደቀ ወደ ሆስት ሁኔታው ይሂዱ፤ ሮቦትስ ፋይሉን፣ ዲኤንኤሱንና ፋየርዎሉን በዚህ ቅደም ተከተል ይመርምሩ። በካርታ ላይ የሚወጣው የአካባቢ ውጤት ብቻ ከወረደ ደግሞ ዶሜይኑንም ሰርቨሩንም አይንኩ፤ እሱ የሚሠራው በቢዝነስ ፕሮፋይሉ (በጎግል ላይ ባለው የድርጅቱ መግለጫ) ተዛማጅነት፣ በፈላጊው ርቀትና በድርጅቱ ታዋቂነት ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ በፕሮፋይሉ ላይ ያለው ምድብ፣ አድራሻና ስልክ በድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።